የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዳታ እውቀት የሚሆነው መቼ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ ሳይነጋገሩ አንድ ጉዳይ ይዘው መጥተዋል። ዳታ እንዴት መረጃ ይሆናል? መረጃስ እውቀት የሚሆነው ምን ሲጨመርበት ነው? ጥበብ የሚባለውስ በየት በኩል ይመጣል? ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይተን እነዚህን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ደብዳቤዎቹን ቦታ ለመቆጠብ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ አራት ደረጃ ያለው ፒራሚድ ተምረናል። ከታች ዳታ፣ ቀጥሎ መረጃ፣ ከዚያ እውቀት፣ ጫፉ ላይ ጥበብ። ትርጉማቸውን ሸምድጄ ፈተናውን አልፌያለሁ። ግን አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚቀየር እስካሁን አልገባኝም። ዳታ ብዙ ሲሆን በራሱ ጊዜ መረጃ ይሆናል ማለት ነው? የሆነ ተጨባጭ ምሳሌ ብትሰጡኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያልገባህ ስለሰነፍክ አይደለም። ሥዕሉ ራሱ አይነግርህም። አራቱን ነገሮች ደርድሮ ያሳይሃል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ምን እንደሚያሻግር ግን ዝም ይላል። ምሁራኑም ቢሆኑ በትርጉሙ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቻይም ዚንስ የሚባል ተመራማሪ ዳታ፣ መረጃና እውቀት ምን እንደሆኑ የዘርፉን ሰዎች ጠይቆ፣ ከ45 ምሁራን 130 ትርጉም ሰብስቦ አሳትሟል። ስለዚህ ትርጉም መሸምደዱን ለጊዜው ተወው።

ይልቅ ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱን እንይ። ራስል አኮፍ ይባላል፤ አሜሪካዊ የሲስተም ምሁር ነው፤ ማለትም ብዙ ክፍሎች ተያይዘው እንደ አንድ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠና። እ.ኤ.አ. በ1988 የአንድ ዓለም አቀፍ የሲስተም ምሁራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ያደረገውን ንግግር በ1989 በጽሑፍ አወጣው። ደረጃዎቹ እሱ ጋ አምስት ናቸው፤ በእውቀትና በጥበብ መካከል መረዳት የሚል አለ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የፒራሚድ ሥዕልም የለም። የለያቸው በምን መሰለህ? በጥያቄ ነው። መረጃ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ለሚሉት ይመልሳል። እውቀት እንዴት ለሚለው፣ መረዳት ለምን ለሚለው። ጥበብ ደግሞ ይህን ማድረግ ይገባናል ወይ፣ ለማንስ ይጠቅማል ብሎ ይመዝናል። ጥያቄ ከሌለ እንግዲህ ዳታው እዚያው ዳታ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የእኔም መልስ በአጭሩ ይኸው ነው። ግን ምሳሌ ስለጠየቅህ፣ እኔ ከማውቃቸው ሁሉ አንጀት የሚያርሰውን ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1854 ሌሊት፣ ሶሆ በሚባለው የለንደን ሰፈር ኮሌራ ፈነዳ። በሦስት ቀን ውስጥ በብሮድ ስትሪትና በዙሪያው ብቻ 127 ሰው ሞተ። ወረርሽኙ እስኪያልቅ 616 ሰው ፈጅቷል። ያኔ አብዛኛው ሐኪምም ሆነ ባለሥልጣን ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ነው ብሎ ነው የሚያምነው። አንድ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን ከዚያ ቀደም፣ በ1849፣ በሽታው የሚተላለፈው በውኃ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ወረርሽኙ ሲነሳ እንግዲህ ስኖው ባዶ እጁን አልመጣም፤ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው።

መጀመሪያ ሞት ከሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት የ83 ሟቾችን ዝርዝር አገኘ። ማን፣ መቼ፣ የትኛው ቤት ሞተ የሚል ወረቀት ነው። ይህ ዳታ ነው። ወረቀቱ ለብቻው ምንም አይልህም፤ ሰው ሞተ ከማለት በቀር።

ከዚያ ዝርዝሩን ይዞ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። በየበሩ እያንኳኳ፣ ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ፣ ሟቹ ውኃ የሚጠጣው ከየት ነበር ብሎ ጠየቀ። ከ83ቱ 73ቱ ቤታቸው ለብሮድ ስትሪት ፓምፕ፣ ሰፈርተኛው ውኃ ለሚቀዳበት የእጅ ፓምፕ፣ የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። ከእነሱም ውስጥ 61ዱ ከዚያው ፓምፕ ይጠጡ እንደነበር ነገሩት። አሁን ዝርዝሩ መረጃ ሆነ፤ የት ለሚለው መለሰ። 10 ሟቾች ግን ቤታቸው ለሌላ ፓምፕ ይቀርባል። ሰነፍ ሰው ቢሆን እነዚህን አጋጣሚ ናቸው ብሎ ይጥላቸው ነበር። ስኖው ሄዶ ጠየቀ። የአምስቱ ቤተሰቦች የብሮድ ስትሪቱን ውኃ ስለሚወዱት ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚያስቀዱት። ሦስቱ ደግሞ ትምህርት ቤታቸው እዚያ ፓምፕ አጠገብ የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

ከዚያ ወደ ተቃራኒው ዞረ። መሞት ሲገባቸው ያልሞቱት እነማን ናቸው? እዚያው መንገድ ላይ ቢራ ጠመቃ ነበር፤ ከ70 በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ በኮሌራ የሞተ የለም። ሠራተኞቹ የሚጠጡት ቢራ ነው፤ ግቢውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። አቅራቢያው 535 ሰው የሚኖርበት የድሆች መጠለያ ነበር፤ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። እሱም የራሱ ጉድጓድ አለው። አየሩ ቢሆን ገዳዩ፣ እነዚህ ሰዎች የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነበር።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የአንዲት መበለት ጉዳይ ነው። የምትኖረው ሃምፕስቴድ ነው፣ ከሶሆ ራቅ ባለ ሰፈር። እዚያ ኮሌራ አልነበረም። ወደ ብሮድ ስትሪት ከመጣችም ወራት አልፈዋል። ቢሆንም ሞተች። ስኖው ዘመዶቿን ሲያጠያይቅ፣ ለካ ቀድሞ ትኖርበት የነበረው የብሮድ ስትሪት ውኃ ጣዕሙ ከአፏ ስላልጠፋ በየቀኑ በጠርሙስ ታስመጣ ነበር። የኦገስት 31ን ውኃ ጠጥታ ሴፕቴምበር 2 አረፈች። ልትጠይቃት የመጣች የእህት ወይ የወንድም ልጅም ያንኑ ውኃ ጠጥታ፣ ኢዝሊንግተን ወደሚባለው ሰፈሯ ተመልሳ ሞተች። ይህን ማንም ሠንጠረዥ አይነግርህም። ሰው ጠይቀህ ነው የምታገኘው። እውቀት የሆነውም እዚህ ጋ ነው፤ በሽታው እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደሚሄድ ታየ።

ጥበቡስ? ሴፕቴምበር 7 ማታ ስኖው የሰበካውን አስተዳዳሪዎች አግኝቶ ያየውን ነገራቸው። በማግስቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ልብ በል፣ ተህዋሲውን በዓይኑ አይቶ ማሳየት አልቻለም። ማስረጃው ሙሉ አልነበረም። ግን ሰው እየሞተ ነው፤ ፓምፑን መዝጋት የሚያመጣው ጉዳት ሌላ ቦታ ሄዶ ከመቅዳት አይበልጥም፤ ክፍት መተው ግን ሰው ይገድላል። ይህን አመዛዝኖ መወሰን ነው ጥበብ የምለው።

ብዙ ቦታ እጀታው ሲነቀል ወረርሽኙ ቀጥ አለ ተብሎ ይጻፋል። እንዲያ አይደለም። ሰው ሰፈሩን ለቆ ስለሸሸ ሞቱ ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ስኖው ራሱ ይህን ጽፏል። በኋላ ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ቄስ፣ መጀመሪያ ስኖውን ልሞግት ብሎ ተነስቶ፣ በየቤቱ ሲዞር ነገሩን ከስኖው በላይ አጠራው። በቤት ቁጥር 40 አንዲት ሕፃን ታማ እናትየዋ ሽንት ጨርቋን ያጠበችበትን ውኃ ቤቱ ሥር ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ነበር። ጉድጓዱ ከፓምፑ ውኃ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ሲቆፈር እያፈሰሰ ተገኘ። የሕፃኗ አባት የታመመው መቼ መሰለህ? ሴፕቴምበር 8፣ እጀታው በተነቀለበት ቀን። ፓምፑ ባይዘጋ የእሱም እዳሪ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመልስህ። ያንኑ የሞት መዝገብ ይዞ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነበር፤ ዊሊያም ፋር። የመዝገብ መሥሪያ ቤቱ የስታቲስቲክስ ሰው፣ በጣም ጎበዝ፣ በጣም ጠንቃቃ። የ1849ኙን ኮሌራ በሺህ የሚቆጠር ሞት ደርድሮ አንድ ሕግ አገኘ፤ ቤቱ ከቴምዝ ወንዝ ከፍ ባለ ቁጥር ሞት ይቀንሳል። ቁጥሩ በትክክል ይገጥማል። እሱም ከወንዙ የሚነሳው መጥፎ አየር ነው ብሎ ደመደመ። የዳታው ምንጭ አንድ፣ ትጋቱ ተመሳሳይ፣ መልሱ ግን ሌላ። ምክንያቱም ፋር የጠየቀው ስለ ከፍታና ስለ አየር ነው፤ ስኖው የጠየቀው ማን ከየት ጠጣ ብሎ ነው። ፋር ለእውነት የሚቆረቆር ሰው ስለነበር በ1866 በምሥራቅ ለንደን ወረርሽኝ ሲነሳ የውኃውን ነገር ተቀብሎ ራሱ መረመረ። ስኖው ግን ያን አላየም፤ በ1858 በ45 ዓመቱ ሞቷል።

ለዚህ ነው ዳታ ብዙ ሲሆን በራሱ ጊዜ መረጃ ይሆናል የሚለውን የማልቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቲን ፍሪኬ የሚባል የዘርፉ ሰው ፒራሚዱን የተቸውም በዚሁ ነው። አንድ ቀን ይጠቅማል እያሉ ያለ ጥያቄ መሰብሰብን ያበረታታል አለ። በእኛ አባባል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ መጠይቅ ከማዘጋጀትህ በፊት እባክህ ይህን አስብ። የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ ነው? መልሱ ሲመጣስ ማን ምን ይወስንበታል?

አንድ ነገር ልጨምርልህና ልተውህ። ታዋቂውን የስኖው ካርታ ክፍል ውስጥ አሳይተዋችሁ ይሆናል። ካርታው የተሠራው እጀታው ከተነቀለ ከወራት በኋላ ነው። ያገኘበት አይደለም፤ ለሌሎች ያስረዳበት ነው።

ጥያቄ፦ በጽሑፍ የሚጠቀሰውን አንድ ነገር አረጋግጡልኝ። የሰው አእምሮ 40 በመቶው ዳታ፣ 30 በመቶው መረጃ፣ 20 በመቶው እውቀት፣ 10 በመቶው መረዳት ነው፣ ጥበብ ግን ከምንም አይቆጠርም የሚል አነበብኩ። በጥናት የተገኘ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም። ይህን ያለው ከላይ የጠቀስነው አኮፍ ነው፤ በ1989ኙ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ግን የለካው ነገር የለም፤ የራሱ ግምት ነው። ማስተላለፍ የፈለገው ለዳታ የምናወጣው ጊዜ እጅግ በዝቶ ለጥበብ የምንሰጠው ከምንም አይቆጠርም የሚለውን ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ቁጥሩን ግን የጥናት ውጤት አድርገህ አትጥቀስ።

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ይኖራሉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ብልቃጥ ላይ 8:00 ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሥራ ስለምገባ ራሳቸው ናቸው የሚወስዱት። ለካ 8 ሰዓት ብለው በእኛ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ሲወስዱት ከርመዋል። ማንም አልተሳሳተም፣ ግን ነገሩ ተበላሸ። ይህ ከእናንተ ዳታ ከምትሉት ጋር ይገናኛል? ምንስ ላድርግ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ይገናኛል። እንዲያውም ከመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌ ያንቺ ይሻላል። 8:00 ዳታ ነው። በማን አቆጣጠር የሚለው ሲጨመርበት ነው መረጃ የሚሆነው። ብልቃጡን ላዘጋጀው ሰው ያ ጭማሪ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለ መጻፍ አላስፈለገውም። አባትሽም ጭንቅላት ውስጥ አለ፤ ግን ሌላ ነው። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሰዎች ስለ ዳታው የሚነግረውን ዳታ ሜታዳታ ይሉታል። እሱ ሲጎድል ሁለት ጤነኛ ሰዎች አንዱን ቁጥር አይተው ስድስት ሰዓት ይለያያሉ።

ይህ በሰዓት ብቻ አያበቃም። የአባትሽን የልደት ቀን በየፎርሙ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። በእኛና በፈረንጅ ዘመን መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። እኛ ቀን እናስቀድማለን፤ አሜሪካኖች ወር። ጳጉሜ 3 የተወለደ ሰው በእኛ ልማድ 03/13 ብሎ ቢጽፍ፣ እዚያ ያለው ኮምፒዩተር ማርች 13 ብሎ ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበለዋል። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም። እኔን የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፈው።

ለጊዜው ብልቃጡ ላይ በአማርኛ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር ብለሽ ለጥፊበት፤ ቁርስ ከተፈቀደ ማለቴ ነው፣ ፋርማሲስቱን ጠይቂው። እስካሁን በሌላ ሰዓት ሲወስዱት እንደነበርም ለሐኪማቸው ንገሪ። ግፊቱን በየትኛው ሰዓት ለክተው ምን እንዳገኙ በትክክል የሚረዱት ይህን ካወቁ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። በየወሩ ከጤና ኬላዎች የሚመጣውን ሪፖርት ሰብስቤ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የጤና ሪፖርት የኮምፒዩተር ሲስተም ላይ አስገባለሁ። ቀን እንዳያልፍ እንቅልፍ አጥቼ ነው የምሠራው። ታሊው (በጭረት የሚቆጠርበት ወረቀት)፣ መዝገቡ፣ ሪፖርቱ፣ ሁሉም ይሞላል። ከላይ የሚመጣው ግን ለምን ዘገየ የሚል ስልክ ብቻ ነው። ቁጥሩን ይዞ ምን እናድርግ ያለኝ ሰው የለም። ሥራዬ ትርጉም አለው ወይ እያልኩ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። (ከአማራ ክልል)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሥራህ ትርጉም አለው። የጎደለው ቁጥሩ ወደ ላይ ሲሄድ መንገድ ተሠርቶለት ወደ ታች ሲመለስ መንገድ አለመኖሩ ነው። ሲስተሙ ሙሉነትና ጊዜ አክባሪነትን ይለካል፤ ስለዚህ ሰው የሚጠየቀው በዚያ ነው። ከላይ ያለው ሰው እስኪለወጥ ግን አትጠብቅ። እጅህ ላይ ያለው እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው።

በዓመት ውስጥ ከአንድ ቀበሌ 60 ሕፃናት ፔንታ 1፣ ማለትም አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት የመጀመሪያ ዙር፣ ወስደዋል እንበል። ይህ በ6 ሳምንታቸው የሚሰጠው ነው። በ9 ወራቸው የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት ግን 39 ናቸው። ከ60 ላይ 39 ስትቀንስ 21 ይቀራል፤ ለ60 ስታካፍለው 35 በመቶ። ይህ የማቋረጥ ምጣኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ችግር አለ ይባላል። እስካሁን መረጃ አለህ። የአንድ ወር ቁጥር ብቻ አትውሰድ፤ በዚህ ወር ኩፍኝ የሚወስዱት ሕፃናት ፔንታ 1 የወሰዱት ከሰባት ወር ተኩል ገደማ በፊት ነው፤ ሌሎች ልጆች ናቸው። ቢያንስ ከዓመት ዓመት አስተያይ።

አሁን እዚህ ጋ ብዙ ቦታ የሚጻፈው ምንድን ነው? የእናቶች ግንዛቤ ማነስ። ሪፖርቱ ይዘጋል። አንተ ግን ከመዝገቡ የ21ዱን ስም አውጣና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይዘህ ጥቂቶቹን ቤት አንኳኳ። ከእናቶቹ አንዷ፣ መጥቼ ነበር እኮ፣ በሌላ ቀን ነይ ተባልኩ ልትልህ ትችላለች። ለምን? የኩፍኝ ክትባት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ10 ዶዝ ብልቃጥ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ሁለት ሕፃን ብቻ ሲመጣ ባለሙያዋ ስምንቱ ዶዝ ሊባክን ነው ብላ ብልቃጡን ላለመክፈት ትመርጣለች። ብክነት በሪፖርት የሚያስጠይቅ ነገር ነው። እናትየዋ ሕፃን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ ተመልሳ ትሄዳለች። በሁለተኛው ጊዜ አትመጣም።

ልብ በል፤ መጥታ ተመለሰች የሚል ሳጥን ታሊው ላይ የለም። ዲኤችአይኤስ ላይም የለም። ስለዚህ በቁጥሩ ውስጥ ያቺ እናት አቋራጭ ናት። የዚህ ሁሉ ፎርም ትልቁ አደጋ ይኸው ይመስለኛል፤ ያልተጠየቀውን ያልተደረገ ያስመስለዋል።

አሁን ምክንያቱን ስታውቅ ውሳኔው ይመጣል። አኮፍ እዚህ የሚጠቅም ነገር ተናግሯል። አንድን ነገር በጥሩ ሁኔታ መሥራትና ትክክለኛውን ነገር መሥራት ይለያያሉ፤ ጥበብ የሚባለው ሁለተኛውን የሚመለከተው ነው አለ። ብክነትን ዝቅ ማድረግ በወረቀት ያምራል። ግን ክትባቱ የመጣው ለምንድን ነው? ስምንት ዶዝ ለማዳን ነው ወይስ ሁለት ሕፃን? ለእኔ የመጣች እናት መመለስ የለባትም። ከዚያ ጎን ለጎን ከገበያ ቀን ጋር የማይጋጭ አንድ የኩፍኝ ቀን ቆርጣችሁ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በዕድርም አስነግሩ፤ ሰው በዚያ ቀን ሰብሰብ ብሎ ከመጣ ብክነቱም ይቀንሳል። ይህን ብቻህን አትወስንም፤ የክትባት ባለሙያዋና ኃላፊው ጋር ነው። ግን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፤ ምክንያቱም መዝገቡም ቁጥሩም አንተ ጋ ነው።

ሌላው፣ ሽፋን 112 በመቶ የሚል ቁጥር አይተህ ታውቅ ይሆናል። ካሉት ሕፃናት በላይ መከተብ አይቻልም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከታች ያለው አካፋይ ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው ስንት ሕፃን አለ የሚለው በትንበያ እየተሰላ የሚመጣ ነው። ሰው ተፈናቅሎ የገባበት ቀበሌ ከመቶ በላይ ያሳያል፤ የወጣበት ቀበሌ ባዶ ይመስላል። ከጎረቤት ወረዳ መጥተው የሚከተቡም አሉ። ስለዚህ 112ቱን እንደ ስኬት አትለጥፍ፤ 60 በመቶ የሚለውንም እንደ ውድቀት አትቁጠር። የማቋረጥ ምጣኔን ያመጣሁልህም ለዚህ ነው። አካፋዩም ተካፋዩም ከራስህ መዝገብ የመጣ ስለሆነ የቆጠራው ችግር አይነካውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለምንህ። በየወሩ ሪፖርቱን ከላክህ በኋላ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ የየራሳቸውን ቀበሌ ቁጥር በአንድ ወረቀት መልስላቸው። ከባለፈው ወር ጋር አስተያይተህ፣ አንድ ጥያቄ ጽፈህበት። ታሊ ላይ ጭረት የምታሰምረው እሷ ናት፤ ጭረቷ የት እንደደረሰ ካየች የሚቀጥለውን ወር በሌላ ዓይን ነው የምትሞላው። የዳታ ጥራት ሥልጠና ከሚያመጣው ለውጥ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ ስልኩን ያወጣና ኤአይ የሚሉትን ይጠይቀዋል። ያልጠየቀው የለም። መልሱም እንደ ሊቅ ነው፤ የሚንተባተብበት ጊዜ የለውም። እኔ 35 ዓመት አስተምሬ የማላውቀውን ያውቃል። ይህ እውቀት ነው? ጥበብስ አለው? ልጁን ምን ልበለው? (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁን አይከልክሉት። ብዙ ይጠቅመዋል። ግን እንዴት እንደሚሠራ ይወቅ። እነዚህ ፕሮግራሞች እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደርገው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እያሰሉ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ እውነቱን ሲናገሩም ስህተቱን ሲናገሩም አንደበታቸው አንድ ነው። አለመንተባተባቸውን የእውቀት ምልክት አድርጎ መውሰድ ነው አደጋው። እኛ ሰው ሲጠራጠር ከፊቱ እናነባለን፤ ከስክሪን ላይ ግን ይህን ማንበብ አንችልም። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ያነበቡት ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ስለ አገራችን ከተሞችና ሰዎች ሲጠየቁ የበለጠ ይስታሉ።

ጥበብን በተመለከተ አኮፍ ገና በ1989 ጽፎበታል፤ ሰውን ከማሽን የሚለየው እሷ ልትሆን ትችላለች ብሎ። ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሽኖች አላፈረሱትም ብዬ ነው የማስበው። ስኖው ፓምፑ ይዘጋ ሲል ስሙንም ሙያውንም አስይዞ ነው። ማሽኑ ቢሳሳት የሚታመምበት ሰው የለውም፤ የሚያፍርበት ሰፈርም የለውም።

ልጁን ደግሞ እንዲህ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ለምሳሌ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት እንዴት እንደተመሠረተ፣ ወይም የደሴ ገበያ በልጅነትዎ የት የት ይቆም እንደነበር። ስልኩን ይጠይቀው፤ መልሱን ይጻፈው። ከዚያ እርስዎን ይጠይቅ፤ ይጻፍ። ከዚያ የእርስዎን እኩያ ሁለት ሦስት ሰዎች ቤት ይዘውት ይሂዱና እነሱንም ይጠይቅ። መልሶቹ መለያየታቸው አይቀርም፤ የእርስዎና የጓደኞችዎም ጭምር። የቱ ልክ እንደሆነ በምን እንደሚለይ፣ ፎቶ ይሁን፣ የቆየ ደብዳቤ ይሁን፣ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ይሁን፣ አብራችሁ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ብትልኩልን በዚሁ ዓምድ በደስታ እናወጣዋለን።